የጥምቀት ንጋትና የቁጥር ጎተራ
(ደብረ ማርቆስ ላይ በተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የጎጃም ገበሬ ጎተራ ሲሠራ የዘንድሮውን ምርት ብቻ አያስብም። ከጠበበ እህሉ ይፈሳል፤ ያለ ልክ ከሰፋም ጭቃውና ጉልበቱ በከንቱ ይቀራል። ከርነል የሚባለውን የኮምፒውተር አስኳል የሚጽፍ ሰውም ለእያንዳንዱ ቁጥር ስንት ቢት እንደሚመድብ ሲወስን የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው።

ምሳሌው ከእኛ የራቀ አይደለም። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሴኮንድ ሲሆን፣ ለዚሁ 32 ቢት ተመድቦ ነበር። አንዱ ቢት ለምልክት ስለሚውል ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ይህም የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው፤ ይኸውም ታቦታቱ በየጥምቀተ ባሕሩ ባደሩበት ንጋት ማለት ነው። በሚቀጥለው ሴኮንድ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይገለበጥና መኪናው ቀኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ዘመኑም የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይመስለዋል።

እነዚያ ሰዎች ግድ የለሾች ነበሩን? አልነበሩም። በ1964 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፋቸው ጊዜ የሚቆጠረው በሴኮንድ 60ኛ እጅ ስለ ነበረ 32ቱ ቢት ከ829 ቀን በላይ አያዘልቅም ነበር። ወደ ሴኮንድ ቢለውጡት 68 ዓመት አተረፉ።

«እንግዲያው ሁሉን 64 ቢት እናድርገው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሊኑክስ ለእያንዳንዱ 4,096 ባይት የማስታወሻ ገጽ አንድ መዝገብ ይይዛል። 8 ጊጋባይት ባለው ኮምፒውተር ገጾቹ 2,097,152 ናቸው፤ በየመዝገቡ 4 ባይት ብቻ ብንጨምር 8 ሜጋባይት ይሄዳል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ በሚሊዮን የሚደጋገምና ወሰኑ የታወቀ ቁጥር ይጥበብ። እንደ ጊዜና እንደ ፋይል ርዝመት ያለ፣ ዘመን የሚሻገር ቁጥር ግን ይስፋ፤ በዲስክ ላይ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ማስፋቱ ቤት ከቆመ በኋላ መሠረቱን እንደ መለወጥ ነውና።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው ሊኑክስ 5.6 በ32 ቢት መኪናዎችም ላይ ጊዜን በ64 ቢት ለመያዝ አስችሏል። ይሁን እንጂ በየግድግዳው የተሰቀለ አሮጌ ዕቃ ራሱን አያድስም። እኛም ያገለገለ ዕቃ ገዝተን እስኪያልቅለት የምንሠራበት ሰዎች ነን።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የምንቀመጠው እኛው ነን። ጎተራውን ዛሬ እንለካ፤ ያ ንጋት ሲመጣ በዓሉን በሰላም እንድናከብር።