የወጣቱ ጤና ከወጣቱ ጋር ይመከር፦ በገዳሪፍ ለተሰበሰበ ዐውደ ጥናት የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



ይህ የሱዳን ምድር፣ ገዳሪፍ፣ የሀገራችንን የኢትዮጵያን ሰው ሲቀበል የኖረ ነው። በ1977 ዓ.ም ረኃብ ኡም ራኩባ የብዙ ሺህ ስደተኞች መጠጊያ ነበረች፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ከ60,000 የሚበልጡ ነፍሳት፣ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል እየተሻገሩ ሲመጡ፣ ያችው ቦታ ዳግመኛ ተከፈተችላቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም አስተናጋጁ ራሱ ስደተኛ ሆነና፣ ከካርቱም የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፍ፣ ሌላው በገላባት አልፎ ወደ መተማ ተሻገረ። በዚህ ሁሉ መካከል፣ ሰላምም ይሁን ጦርነት፣ በየዓመቱ ከጎንደር ደጋ ወርዶ ሰሊጥና ማሽላ የሚያጭደው ጎልማሳ መንገዱን ፈጽሞ አልተወም።

በዚህ ጉባኤ ልናገረው የምሻው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ደዌውን መለየትና መድኃኒቱን መምረጥ የሐኪም ጥበብ ሲሆን፣ ሕሙሙ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ፣ በማን ፊትና በማን አስተርጓሚነት ወደ ሐኪሙ ሊደርስ እንደሚችል የሚያውቀው ግን ወጣቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ አገልግሎቱ ሲታቀድ ወጣቱ ከመካሪዎቹ አንዱ ሊሆን ይገባዋል።

ለምሳሌ ካላዛርን እንመልከት። ይህን ደዌ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ጥላ ሥር ትኖራለች፤ የምትናከሰውም በሌሊት፣ ማለትም ሠራተኛው ደክሞት ሜዳ ላይ በተኛበት ሰዓት ነው። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ፣ ጎልማሳው አንድም ወደ ደጋ ተመልሶ ማንም በማያውቀው በሽታ ይማቅቃል፣ አንድም እዚሁ ሆኖ ወባ ነው እያለ ክኒን ይውጣል፤ ጣፊያው አብጦ ሥጋው ካለቀ በኋላ ነው ሐኪም ቤት የሚደርሰው። ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ95 የሚበልጡትን የሚገድል ደዌ መሆኑን እናውቃለን፤ ፈውስ እንዳለውም እናውቃለን። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ሕክምና ለ17 ቀናት በየዕለቱ መርፌ መወጋትን የሚጠይቅ ነው። የሰሊጡ ፍሬ ከረጢት ከመከፈቱ በፊት ካልታጨደ እህሉ መሬት ላይ ስለሚፈስ፣ አሠሪው አንድ ቀን እንኳ አይታገሥም፤ የቀን ደመወዙን ለእናቱ ሊልክ የመጣ የ18 ዓመት ልጅም 17 ቀን ተኝቶ መታከምን እንዴት ሊመርጥ ይችላል? ምርመራው በምሽት ወደ እርሻው ቢሄድ፣ ለሕሙሙ ስንቅ ቢታሰብለት፣ አሠሪውም አስቀድሞ ቢነገረው የስንቱ ነፍስ ይተርፍ ነበር! ይህን አብረውት ያጨዱት ባልንጀሮቹ ያውቁታል፤ ሆኖም የሕክምና ጣቢያው ሲከፈት የጠየቃቸው የለም።

የልጃገረዶቻችን ነገር ከዚህም የረቀቀ ነው። በስደተኞች ሰፈር የምትኖር ልጅ፣ ማርገዝ አለማርገዟን ለማወቅ፣ ወይም የደረሰባትን ግፍ ለሐኪም ለመንገር በሄደች ጊዜ፣ በወረፋው ላይ የእናቷን ጎረቤት ታገኛለች፤ ሐኪሙ ዐረብኛ ተናጋሪ ስለሆነም ቃሏ የሚያልፈው በአስተርጓሚ በኩል ነው፤ አስተርጓሚውም ምናልባት ከአባቷ ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ይሆናል። ሰው ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን የሚናዘዘው የነገረው ከዚያ እንደማይወጣ ስለሚያምን ነው፤ ይህ እምነት በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ከሌለ፣ አልጋውና መድኃኒቱ ቢሟላም ልጅቱ አትመጣም። አስተርጓሚዋ ሴት እንድትሆን፣ ከሌላ ሰፈር እንድትመጣ፣ በሩም በጎን በኩል እንዲከፈት ሊወስኑ የሚገባቸው እነዚህ እኅቶቻችን ናቸው።

ወጣቱን ማማከር አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። የሀገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ግን ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሁሉ ወጣት ብሎ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ተሳትፎውን ደንግጎለታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ለጉርምስና ዕድሜ አገልግሎት ካወጣቸው 8 መመዘኛዎች አንዱ፣ እነርሱ ራሳቸው በዕቅዱና በግምገማው እንዲካፈሉ የሚያዝዝ ነው። ድንጋጌው አለ፤ የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። ወጣቱን ጠርተን በስብሰባው ዳርቻ ካስቀመጥነው፣ የዕቅዱ ወረቀትም ካለቀ በኋላ «ሐሳብ አላችሁ ወይ?» ካልነው፣ አላማከርነውም፤ ለምስክርነት ብቻ ጠራነው እንጂ። የሰዓቱ፣ የቦታውና የገንዘቡ ውሳኔ በእጁ ካልገባ፣ ተሳትፎ የሚለው ቃል ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ አባቶቼን ይቅርታ ጠይቄ የዛሬውን የንግግር ተራ ለውጠናል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የሚናገሩት ወጣቶች ብቻ ናቸው፤ እኛ እንሰማለን፣ ጸሐፊውም ቃላቸውን ሳያሳጥር ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ይቻላል ወይም አይቻልም ብለው ይመልሳሉ፤ አይቻልም ያሉ እንደሆነ ምክንያቱን በግልጥ ይናገራሉ፤ የሚቻለውንም ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሚፈጽመው በዚሁ አዳራሽ ይወሰናል። ሴቶች ለብቻቸው መነጋገር ቢሹ የጎኑ ክፍል ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ወንድ አይገባበትም።

ከእርሻ የመጣችሁት ጀምበር ሳትጠልቅ መመለስ ስላለባችሁ የመጀመሪያው ተራ የእናንተ ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።