ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝም
በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ሐኪም ስለ አፈር ምን አገባት የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምሠራው ዴራ ነው፤ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትወጡ የምታልፏት ከተማ። ወደ እኔ ከሚመጡት ታካሚዎች ብዙዎቹ ገበሬዎችና የገበሬ ልጆች ናቸው። የሚበሉት መሬታቸው የሚሰጣቸውን ነው። መሬቱ የሌለውን ለስንዴው አይሰጥም፣ ስንዴውም ያላገኘውን ለልጁ አይሰጥም። ስለዚህ ያገባኛል።

እዚሁ ግቢ ውስጥ ያስተማራችሁን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ታካሚውን ሳትመረምሩ መድኃኒት አትዘዙ። ለመሬታችን ግን ለብዙ ዓመታት የታዘዘው አንድ ዓይነት መድኃኒት ነበር፤ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ለደጋውም ለቆላውም፣ ለጥቁሩም ለቀዩም አፈር። ማዳበሪያን ማጣጣሌ አይደለም። አርሲ ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን ቀድመው ካወቁ አካባቢዎች አንዷ ናት። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ካዱ የምንለው፣ ሥራውን የጀመረው እዚያው ነው። የቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ላይ አይደለም፣ ያለ ምርመራ መታዘዙ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱን አፈር የመመርመርና ካርታ የመሥራት ሥራ ተጀመረ። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ በብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክም ጎድለው ተገኙ። ዳፕ በኤን.ፒ.ኤስ የተተካውም ከዚያ በኋላ ነው። ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ካርታ የወረዳውን ሁኔታ ነው የሚነግረን። በወረዳው ወባ መስፋፋቱን ብሰማ፣ ፊቴ የተቀመጠው ልጅ ወባ ይኑረው አይኑረው በዚያ ብቻ አላውቅም፤ ደሙን ማየት አለብኝ። ማሳም እንደዚያው ነው።

እስቲ የዴራና የአሰላን መንገድ አስቡት። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አፈሩ እየታጠበ ይኮመጥጣል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል፣ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል ማለት ነው። የዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርዱ ግን አፈሩ ወደ አልካላይነት የሚያደላበት ቦታ አለ። እዚያ ኖራ ብትጨምሩበት ዚንኩ ጭራሽ ለሰብሉ የማይደረስ ይሆናል። አንዱን ያዳነ መድኃኒት ሌላውን ይጎዳል። ይህን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራውም የሚጀምረው ከናሙና አወሳሰድ ነው። ከማሳው ከ15 እስከ 20 ቦታ በዚግዛግ እየተሄደ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይወሰዳል። ከአጥር ሥር፣ ከዛፍ ጥላ፣ ፍግ ከተከመረበት አይወሰድም። ጓሮና የሩቅ ማሳ አይቀላቀሉም፤ ጓሮው አመዱም ፍጉም ስለሚደፋበት ሁልጊዜ የጠገበ ነው። አፈሩ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይደባለቃል። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ውጤቱን ያበላሻል። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህል ወስዶ በጥላ ማድረቅ፣ የማሳውን ስምና የተዘራበትን ሰብል ጽፎ መላክ ነው።

ዚንክን ደጋግሜ የማነሳው በሙያዬ ምክንያት ነው። ዚንክ ያነሰው ልጅ ዕድገቱ ይጓተታል፣ ተቅማጥ ይደጋገምበታል። ለተቅማጥ ከኦ.አር.ኤስ ጋር የዚንክ ክኒን የምናዘው ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የኢትዮጵያ እህል የዚንክና የሴሊኒየም ይዘት ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ቱርኮች በመካከለኛው አናቶሊያ የስንዴ ማሳቸው ዚንክ እንደጎደለው በምርመራ ሲያውቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማዳበሪያቸው ላይ ዚንክ ጨመሩ፤ ምርቱም አደገ። እኔ ክኒኑን የምሰጠው ከታመመ በኋላ ነው። መሬቱ ግን ቀድሞ ሊሰጠው ይችላል።

አንድ አባት በምርመራ ክፍሌ ተቀምጠው፣ “ዶክተር፣ መሬቴም እንደኔ ደክማለች፣ ለሷስ ምን ታዢላታለሽ?” ብለውኛል። እሳቸው ስንዴ በስንዴ ላይ እየደጋገሙ ይዘራሉ። ገለባውን ከብት ይበላዋል፣ ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ለማሳው የሚመለስ ነገር የለም። ያው ኩበት ደግሞ የሚስታቸውን ዓይንና ሳንባ በጭስ ይጎዳል። ቢፈረድባቸው ግን ግፍ ነው፤ ሌላ ማገዶ ከየት ይምጣ? ፍጉ ወደ ማሳ እንዲመለስ ከተፈለገ የማገዶው ነገር አብሮ መታሰብ አለበት። ከስንዴው መካከል በደጋ ባቄላና አተር፣ በቆላ ቦሎቄ ማፈራረቅም መሬቱን ያሳርፈዋል።

ከእናንተ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የቤተሰብ መሬት ያለን ሁላችን፣ ዘንድሮ አጨዳው ሲያልቅ ከአንድ ማሳ ናሙና እናስወስድ፤ ክፍያውም ከእኛ ይሁን። መምህሮቻችን፣ ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከገበሬ ማሳ አፈር ሲወስዱ፣ ውጤቱ ለባለማሳው በሚገባው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ በአንድ ገጽ ይመለስለት፤ ምን ልጨምር፣ ምን ልተው የሚለውን ይመልስለት። ሦስተኛ፣ የጤናውና የግብርናው ክፍል አንድ ቀበሌ መርጠው የልጆቹን ደምና የማሳውን አፈር አብረው ይመርምሩ። ሁለቱ ላቦራቶሪዎች እዚሁ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ የሚያራርቃቸው አንድ ኮሪደር ነው።

ለእኒያ አባት የሰጠኋቸው መልስ፣ “መጀመሪያ እንመርምራት” የሚል ነበር። ናሙናውን ሊያመጡ ተስማምተዋል። አሁን የሚጠብቁት እኔን ብቻ አይደለም፣ እናንተንም ነው።