ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥይት፦ የተራራ አደን ሒሳብ



ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ አቁሜ፣ በማዶ የምትታይ የአንዲት ዛፍ ርቀት አስገመትኋቸው። ሁለት ሰው እንኳ አልተስማማም። በመካከል ያለው ውኃና ክፍት አየር ዓይንን ያታልላል። በተራራ የሚያድን ሰው ዋና ችግሩም ይኸው ነው።

ጥይት ከአፈሙዝ እንደ ወጣ መውደቅ ይጀምራል። በእውነት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥይት የለም፤ ፈጥኖ ስለሚደርስ ለመውደቅ ጊዜ የሚያጥረው እንጂ።

አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር፤ ስሙም «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የተወረሰ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነው ይህ ጠመንጃ 25 ግራም ያህል የሚመዝን አረር በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ጭስ አልባ ባሩድ እ.ኤ.አ. በ1886 ከለቤል ጠመንጃ ጋር ከመጣ ወዲህ ፍጥነቱ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ባለ 300 ዊንቸስተር ማግነም 11.7 ግራም አረር በሰከንድ 900 ሜትር ያህል ይልካል፤ እጥፍ መሆኑ ነው።

የአየርን ግጭት ለጊዜው እንተወው። ሁለቱም ጠመንጃዎች ለ300 ሜትር ተስተካክለዋል፤ እንስሳው ግን 350 ሜትር ላይ ቆሟል እንበል። የውጅግራው አረር ከታለመበት 42 ሴንቲ ሜትር፣ የማግነሙ 11 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሳንባው የታለመ እንስሳ በ42 ሴንቲ ሜትር ልዩነት እግሩን ተሰብሮ ጫካ ሊገባ ይችላል።

በአገራችን ይህ ሒሳብ የሚፈተነው በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ በደጋ አጋዘን ላይ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ሳይንስ የመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ሕጋዊ አደኑ በፈቃድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ አቁስሎ ማጣት ቀላል ጥፋት አይደለም። ቁልቁለቱም ሌላ ጣጣ አለው፦ በ30 ዲግሪ ቁልቁል 300 ሜትር ሲተኮስ፣ የመሬት ስበት የሚቆጥረው አግድሙን 260 ሜትር ያህል ነው። ይህን የዘነጋ ከእንስሳው በላይ ይተኩሳል።

ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. የ1925ቱ ባለ 270 ዊንቸስተር ይበቃ ነበር፤ 8.4 ግራም አረሩ በሰከንድ 930 ሜትር ያህል ይበራል። ለትልቅ ኮርማ አጋዘን ግን እኔ ከባዱን አረር እመርጣለሁ። ችግሩ፣ ማግነም ትከሻን ክፉኛ ይመታል፤ ምቱን ፈርቶ ቃታ ሳይስብ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ሒሳቤን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። እንዲህ ላለው ሰው 270ውን ሰጥቼ፣ እስከ 200 ሜትር ድረስ ተጠግቶ እንዲተኩስ እመክረዋለሁ።