ተቆርጦ ስለሚመለሰው በሽታ
(በራዲዮ የተሰጠ የጤና ንግግር)



ከቦዲቲ እስከ ሁምቦ፣ ከአረካ እስከ ሶዶ ለሚኖር የወላይታ ገበሬ ስለ እንሰት ጥቅም ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እንሰቱን አጠውልግ የተባለው በሽታ ሲይዘው ብልህ ገበሬ ሁለት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ያስወግዳል፤ ቀጥሎም የቆረጠበትን ቢላዋ በእሳት ያነጻል። ሁለተኛውን የዘነጋ እንደ ሆነ በሽታውን በገዛ እጁ ወደ ጤነኛው ተክል ያሻግረዋል፤ የፊተኛው ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ዛሬ ስለ ሰው ገላ የምንናገረው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሽንት በኩላሊት ተጣርቶ በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። ይህን መንገድ ከላይ እስከ ታች ከውስጥ የሸፈነው አንድ ዓይነት ስስ ሽፋን ነው። በዚህ ሽፋን ላይ የሚነሣው ካንሰር፣ አባቶቻችን ነቀርሳ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በፊኛ ላይ ነው። «የትምባሆ ጢስ ከፊኛ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ መልሱ ግን ግልጽ ነው። ጢሱ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ደሙን ኩላሊት ያጣራዋል፤ ተጣርቶ የወጣውም መርዝ ከሽንት ጋር በፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ ማግኘቱን አስታወቀ። ኋላም ለዚህ ምክንያት የሆኑት አሮማቲክ አሚን የተባሉት ቅመሞች በትምባሆ ጢስ ውስጥ መኖራቸው ታወቀ። ማጨስ በተስፋፋባቸው አገሮች ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ በትምባሆ ምክንያት እንደሚመጣ ሊቃውንት ይገምታሉ።

የዚህ በሽታ ክፉ ጠባይ መመላለሱ ነው። ከአራት በሽተኞች በሦስቱ ገደማ ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ሳይዘልቅ ስለሚገኝ፣ ሐኪሙ ሆድ ሳይቀድ በሽንት መውጫ በኩል መሣሪያ አስገብቶ ይቆርጠዋል። በሽተኛውም «ዳንሁ» ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን እንደ ዕጢው ዓይነት በ5 ዓመት ውስጥ ከመቶ ሰዎች ከ31 እስከ 78 በሚሆኑት ላይ ይመለሳል። ካንሰሩ የተነሣው በላይኛው መንገድ ሆኖ ኩላሊቱ ከነቧንቧው ቢወጣም እንኳ፣ ከመቶ ከ22 እስከ 47 በሚሆኑት ኋላ በፊኛ ላይ ይታያል። ሽፋኑ በሙሉ ለብዙ ዓመታት በአንድ መርዝ ሲታጠብ ኖሯልና።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሲጃራ የሚለኩስ ሰው፣ ተክሉን ነቅሎ ቢላዋውን ሳያነጻ እንደ ቀረው ገበሬ ነው። ማጨስ የሚቀጥሉ በሽተኞች ትምባሆን ከተዉት ይልቅ በሽታው አዘውትሮ እንደሚመለስባቸው ጥናቶች ያመለክታሉ። ጋያም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ጢሱ በውኃ ውስጥ ማለፉ መርዙን አያጠፋውም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ሕግ ግን የሰውን ጓዳ ገብቶ አይጠብቅም። በጊፋታ በዓል ዘመድ ተሰብስቦ ሲጫወት፣ ከሕክምና ለተመለሰው ወንድሙ «አንዲት ብቻ» ብሎ ሲጃራ የሚዘረጋለት ሰው ፍቅር ያሳየ ይመስለዋል፤ የሠራው ግን የጠላት ሥራ ነው። የወላይታ ሰው ለበዓሉ ሰንጋ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መቆጠብን ያውቅበታል። የሲጃራውንም ዋጋ እንዲሁ ቢያጠራቅመው ወደ ሐኪም ለሚመላለስበት መሳፈሪያ ይረዳዋል። ይህ ምልልስ ሊቀር አይገባውም፤ የመጀመሪያው ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው 3 ወር በኋላ ነው፣ ሕመም ባይሰማም እንኳ።

ገና ያልታመመውም ይስማ። ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ሕመም ባይኖረውም፣ ደሙም በማግሥቱ ቢቆም፣ አይዘናጋ። ምክንያቱ ጠጠር ወይም ሌላ ቀላል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ይህን መናገር ነውር መስሎት የሚደብቅ ሰው በሽታውን ጊዜ ይሰጠዋል። በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ወይም ሶዶ ላይ ኦቶና እየተባለ ወደሚጠራው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄዶ ይታይ።

አንባብያን ሆይ፤ ማጨስን መተው ቀላል ነው አንልም፤ ለዓመታት የተጣበቀ ልማድ በአንድ ቀን አይላቀቅም። ቢሆንም በተዉት ሰዎች ላይ የፊኛ ካንሰር አደጋ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ መቀነስ ይጀምራል። ሐኪሙ የታመመውን ቆርጦ ሊያወጣ ይችላል፤ ቢላዋውን የማንጻቱ ሥራ ግን ለባለቤቱና ለቤተ ሰቡ የተተወ ነው።