ተራው ወታደር በሥዕል መጽሔት

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



በእኛ አነጋገር «ኮሚክ» ማለት ሰውን የሚያስቅ ተጫዋች ማለት ነው። ዛሬ ማታ የምናገርላቸው ኮሚኮች ግን አያስቁም። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የሚተርኩ፥ በአሜሪካ አገር በ10 ሳንቲም ይሸጡ የነበሩ ርካሽ መጽሔቶች ናቸው። በዘመናቸው መምህራን ይንቋቸው፥ አንዳንድ ወላጆችም በእሳት ያቃጥሏቸው ነበር። እኔ ግን ጥቂቶቹ ስለ ጦርነት እውነቱን ደፍረው ተናግረዋል ብዬ እከራከራለሁ።

የኮርያ ጦርነት በ1950 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጀመር የጦርነት ኮሚክ ገበያው ደራ። በብዙዎቹ ውስጥ አንዱ አሜሪካዊ ብቻውን መቶውን ሲጥል ይታያል፤ ጠላቱም ጥርሱ የገጠጠ አውሬ እንጂ እናት የወለደችው ሰው አይመስልም። የኒው ዮርኩ ሠዓሊ ሃርቪ ከርትዝማን ይህን ውሸት ተጸየፈ። ኢ.ሲ. በተባለው አሳታሚ ድርጅት ውስጥ «ቱ ፊስትድ ቴልስ»ን በ1950፥ «ፍሮንትላይን ኮምባት»ን በ1951 ማዘጋጀት ጀመረ።

አሠራሩ ጥብቅ ነበር። አብዛኛውን ታሪክ ራሱ ይጽፋል፤ ገጹን ራሱ ይነድፋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጆን ሰቨሪን፥ ጃክ ዴቪስና ዋሊ ዉድ ላሉ ሠዓልያን ይሰጣል። ከንድፉ እንዲወጡም አይፈቅድላቸውም።

ጽፎም ሥሎም በ1952 ያወጣው አንድ ታሪክ አለ። አንድ አሜሪካዊ ወታደር በኢምጂን ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውኃ የሚወስደውን ሬሳ ያያል። «ዛሬ ጦርነት ከሩቅ ሆነ፤ ሰው ከሰው ጋር በእጅ መተናነቁ ቀርቷል» እያለ ያስባል። ወዲያው አንድ የሰሜን ኮርያ ወታደር ከጫካ ወጥቶ ይይዘዋል። ይታገላሉ፤ አሜሪካዊው የጠላቱን ራስ ውኃ ውስጥ ደፍቆ እስትንፋሱ እስኪቆም ይይዘዋል። ከዚያ ወንዙ ሌላ ሬሳ ይዞ ይወርዳል። ዕልልታ የለም፤ ሜዳልያም የለም። አንባቢው የሚያዝነው ለሞተው ጠላት ነው።

«ጦር ሜዳ ያልዋለ ሰው ይህን ከየት አወቀው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከርትዝማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ተመልምሏል፤ ነገር ግን ባሕር ማዶ አልተሻገረም። መልሱ አጭር ነው፤ ጠየቀ። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መረመረ፤ የተዋጉትንም አነጋገረ።

እውነቱ ግን ዘላቂ ገበያ አላገኘም። በ1953 የተኩስ አቁም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ «ፍሮንትላይን ኮምባት» በ1954 ቆመ። በ1965 አርቺ ጉድዊን «ብሌዚንግ ኮምባት» የተባለውን መጽሔት ሲያዘጋጅ አንድ ሽማግሌ የቬትናም ገበሬ በሩዝ ማሳው ላይ ሲሞት አሳየ። መጽሔቱ በአሜሪካ የጦር ሰፈር ሱቆች እንዳይሸጥ ተደረገ፤ ከአራት እትም በላይም አልዘለቀ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፓት ሚልስና ሠዓሊው ጆ ኮልኩን ከ1979 ጀምሮ «ቻርሊስ ዎር»ን አወጡ። ቻርሊ ዕድሜውን ዋሽቶ የዘመተ የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ ፊደል እየገደፈ ለቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? የኢምጂኑ ታሪክ በታተመበት ወራት የቃኘው ሻለቃ ልጆች በዚያው በኮርያ ተራሮች ላይ ነበሩ። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ አንድም አልተማረከም። ይህን በኩራት እንናገራለን፤ መናገራችንም ደግ ነው። ነገር ግን ፉከራችን የገዳዩን ስም ያነሣል እንጂ የሟቹን እናት አያነሣም። ያ ዘማች በረዶውን መጀመሪያ ሲያይ ምን እንዳለ፥ ሌሊት በምሽጉ ውስጥ ምን እንዳሰበ ስንቶቻችን ጠይቀናል? ዛሬ በሕይወት የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ዘጠና ገደማና ከዚያም በላይ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ብዕርም ሆነ እርሳስ መያዝ የሚችል ሁሉ በሰፈሩ ያለውን ሽማግሌ ዘማች ይፈልግ፤ አጠገቡም ይቀመጥ። ስንት እንደገደለ ሳይሆን እንዴት እንደዋለና እንዴት እንዳደረ ይጠይቀው። ጦርነትን ያላየን ትውልዶች ስለ ጦርነት እውነት የምንናገርበት መንገድ ይህ ነው።