የኒካሕ ፈቃድ፣ የፍርድ ቤት ፈቃድ

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የዛሬው ርዕሳችን ትዳርና ፍርድ ቤት ነው። በተለይ በአሶሳና በአካባቢዋ ያላችሁ ቤተሰቦች ጉዳዩ በየቤታችሁ የሚገባ ነው። በ1999 በተደረገው ቆጠራ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕዝብ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም ነበር። በርታው አለ፤ በሰፈራ ከወሎ የመጣው አለ፤ ጎረቤቱ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው አለ። ሁሉም የየራሱ የጋብቻ ወግ አለው። ልጅ ስትዳር እንግዲህ ባህሉም፣ ሸሪዓውም፣ የመንግሥት ሕጉም አብረው ይመጣሉ። ሦስቱም ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ልጅቷ ተጠይቃለች ወይ?

ኸንሳእ ቢንት ኺዳም የምትባል ሶሐባ ነበረች። ቀደም ሲል አግብታ የነበረች ሴት ናት። አባቷ ሳትፈልግ ዳራት። እሷም ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ አቤት አለች፤ እሳቸውም ኒካሑን አፈረሱት። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። ልብ በሉ፣ ሴትየዋ ዝም ብላ ቤቷ አልተቀመጠችም። ወደ ዳኛ ሄደች፤ ዳኛውም ሰማት። ያላገባችዋ ልጃገረድም ቢሆን መጠየቅ አለባት። ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቆጠራል ተብሏል፤ ይህ ግን ከተጠየቀች በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሳትጠየቅ ዝም ያለችው ምን ብላ ትመልስ?

ወደ አገራችን ፍርድ ቤቶች እንምጣ። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በ1934፣ ቀጥሎም በ1936 በወጡ አዋጆች ሕጋዊ እውቅና አገኘ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ስለ ሙስሊሞች ጋብቻ የተለየ ክፍል አልያዘም፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን አልተዘጉም። ለብዙ ዓመታት እንዲሁ በመሀል ቤት ቆዩ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ የጋብቻና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል፤ ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ። ጋብቻም በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል። በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አደራጀ። በክልል ደግሞ እነዚህን ፍርድ ቤቶች የማቋቋም ወይም እውቅና የመስጠት ሥልጣን የክልሉ ምክር ቤት ነው።

ይህ የፈቃድ ነገር ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ወይዘሮ ከድጃ በሽር በአንድ የውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው አልተሰማም፤ ይግባኙም አልሆነላቸውም። ጉዳዩ በመጨረሻ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1996 ያለ ፈቃዳቸው የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። በጊዜው አንዳንዶቻችን ሸሪዓ የተነካ መስሎን ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ወዶ የመጣ ተከራካሪ ለቃዲውም ክብር ነው።

አሁን አንድ ጥንቃቄ። በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጠራል፤ ክርክሩም እሱ በሌለበት ይታያል። አንዴ ከተመረጠ በኋላም ጉዳዩን ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ማዛወር የለም። ስለዚህ እህቴ፣ መጥሪያ ሲመጣ ከሳጥን ሥር አትቅበሪው። የምትፈልጊ ከሆነ ቅረቢና እሺ በዪ፤ የማትፈልጊ ከሆነም ቅረቢና አልፈቅድም በዪ። ያኔ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። እዚህ ላይ ዝምታሽ ይፈርድብሻል።

በክልላችን በጉሙዞች ዘንድ የቆየ የልውውጥ ጋብቻ አለ። አንዱ እህቱን ሰጥቶ የሌላውን እህት ያገባል። ጎረቤት ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት ወደራሳችን እንይ፤ ይህ ነገር በዐረቦችም ዘንድ ነበር። ሺጋር ይባላል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለውታል። መህር የሌለው፣ ልጅቷ እንደ ዕቃ የምትለወጥበት ስለሆነ ነው። የእኛስ አባቶች ብድር ለመክፈል ወይም ዝምድና ለማጥበቅ ብለው ሴት ልጅ ሰጥተው አያውቁም?

ዕድሜውም አለ። የድሮው ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር፤ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባን ሰው ልጅቷ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያስራል። ጠልፎ ያገባ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይቀጣል።

ኒካሕ ያሰራችሁ ሁሉ ደግሞ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ መዝጋቢ ሂዱ። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የመህሩ ልክ በኒካሑ ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ባል ሲሞት ወይም ፍቺ ሲመጣ ቃዲው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ስለ መህር በሚቀጥለው ፕሮግራማችን በሰፊው እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።