ይሉኝታ፣ በሬና ሸማ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሲፈሱ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። በቁሐር ሚካኤልና በአጎራባች ቀበሌዎች ይህ ውኃ የሚተኛበት መሬት ዛሬ የሩዝ ማሳ ነው። ይሁን እንጂ ሩዝ ለፎገራ ገበሬ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው እህል አልነበረም። ሜዳው ስመ ጥሩው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ግጦሽ ነበር። ሩዝ በአካባቢው የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ከተሞከረ በኋላ ሲሆን፣ ከቀደሙት ዝርያዎች አንዱ ከጅግና ቀበሌ በወሰደው ስም «ኤክስ ጅግና» እየተባለ ይጠራል። አሁን እንጀራው ሳይቀር ጤፍና ሩዝ ተቀላቅሎ ይጋገራል። በዚያ ሜዳ ዛሬ ለጎረቤቱ እንግዳ የሚመስለው ሩዝ የማይዘራው ሰው ነው።

ዘር ግን ዕድለኛ ነው። ጥቂት ክረምት ይበቃዋል፤ ምርቱ በአውድማ ላይ ሲታይ ተጠራጣሪው ዝም ይላል። ከሌላው የተለየ ኑሮ ልኑር የሚል ሰው እንዲህ ያለ ፈጣን ምስክር የለውም። ከዚሁ ሜዳ ዳር፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

የማኅበረሰቡ መሥራች ዙምራ ኑሩ የቀለም ትምህርት ያልተማሩ የገበሬ ልጅ ናቸው። ራሳቸው እንደሚናገሩት ጥያቄያቸው የተጀመረው ገና በሕፃንነታቸው፣ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነው። አባትና እናት እርሻ ውለው ሲገቡ አባት ያርፋል። እናት ግን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች፤ ሥራው የዘገየ እንደሆነም ቁጣው በእርሷ ላይ ነው። ይህ ስለ ምን ይሆናል? ብሎ የጠየቀው ልጅ መልስ አላገኘም፤ ይልቁንም አእምሮው እንደ ተነካ ተቈጠረ። በወጣትነታቸው ሐሳባቸውን የሚጋራ ፍለጋ ከአገር አገር ተንከራተው በመጨረሻ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ገበሬዎች ጋር ማኅበረሰቡን መሠረቱ። በዚያ ወንዱ ይጋግራል፣ ይፈትላል፤ ሴቷ ታርሳለች፣ ትሸምናለች። በፈጣሪ ያምናሉ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አልሠሩም። የሠርግ ድግስና የተዝካር ወጪም ቀርቷል።

ይህን የሰማ የከተማ ሰው አድንቆ ያልፍ ይሆናል። ለገጠሩ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይሉኝታ የአንድ ሰው ዓይን አፋርነት ብቻ አይደለምና። ከጀርባው በሬ አለ፤ ደቦ አለ፤ ቀባሪ አለ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር ካላቀናጀ አያርስም። ለሌላው ደቦ ያልወጣ ሰው ደቦ አይወጣለትም። ከዕድርና ከሰንበቴ የተለየም በሞተ ጊዜ ሬሳውን ማን እንደሚያነሣለት አያውቅም። ስለዚህ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ሞኝነት ሳይሆን ስሌት ነው። በራስ መንገድ ስለ መሄድ የሚጻፈው ብዙው ነገር የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ድፍረትን ያወድሳል፣ የበሬውን ነገር ይረሳል።

አውራምባዎች የከፈሉት ዋጋም በዚሁ በኩል መጣ። ከጎረቤት ጋር የነበረው ቅራኔ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ልብስ ለበሰና መንግሥትን የሚወጋውን ወገን ይደግፋሉ ተባሉ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቀያቸውን ጥለው እስከ ከፋ፣ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌላ እጅ ነበር። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ያህል ነው፤ በመቶዎች የሚቈጠር ሕዝብ ደግሞ ያን ብቻ አርሶ ሊኖር አይችልም።

ስለሆነም ሸማኔዎች ሆኑ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ቃል አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን ሲናቁ፣ በቡዳነትም ሲታሙ ኖረዋል። በሸማኔው እጅ የተሠራውን ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ባላገር ልጁን ለሸማኔው አይድርም። (የዚህ ንቀት ታሪክ ራሱን የቻለ ጉባኤ ይፈልጋል።) አውራምባዎች አንዱን ልማድ በመተው ያጡትን መሬት ሌላውን ልማድ በመተው ተኩት ማለት ነው። በባህላዊው መሸመኛ ተጀምሮ ወደ ዘመናዊው የተሸጋገረው ሥራ ጋቢ፣ ፎጣና አልጋ ልብስ እየሆነ ለገበያና ለጎብኚ ቀረበ። ወፍጮውና ንግዱ ቈይቶ ተከተለ።

ከሸማው ይልቅ አስደናቂው ግን ሌላ ነው። የተዉትን ሁሉ በሌላ ተክተዋል። ጧሪ ላጡ አረጋውያን መኖሪያ አላቸው፤ ከሳምንቱ አንዱን ቀን አቅም ለሌለው ወገን የሚውል ሥራ ይሠሩበታል፤ የክርክር ጉዳይ የሚዳኝ ኮሚቴ አላቸው። የመንደሩን ደቦና ዕድር ትተው ሌላ ደቦና ዕድር አቋቋሙ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. ለዙምራ ኑሩ የክብር ዶክትሬት በሰጠ ጊዜ ማኅበረሰቡ 38 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ያቆየው ይህ መተካካት እንጂ ጭብጨባ አልነበረም።

የሙያ ሰውም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ከተለመደው አሠራር ወጥቶ አዲስ ነገር ልሞክር የሚለውን ባልደረባ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገጥመው ክልከላ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ማንም አይከለክለውም፤ ግን በሬ የሚያቀናጀው የለም። ረቂቁን የሚያነብለት፣ ስሕተቱን በወዳጅነት የሚያርምለት፣ ሙከራው ሲከሽፍ ወንበሩን የሚጠብቅለት ሰው ያጣና በሁለተኛው ዓመት ወደ ተለመደው ይመለሳል። ከዚያም «ጽናት የለውም» ይባላል።

አውራምባዎች ገና ያልጨረሱት አንድ ፈተና አለ። የተለየ መንገድ ሁሉ ሁለተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ ወደ ደንብነት ይጠጋል። የጋብቻው ዕድሜ ሳይቀር ተወስኗል፤ ለሴት 19፣ ለወንድ 22 ዓመት። ዙምራ የእናታቸውን ድካም አይተው ጠየቁ፤ የአውራምባ ልጅ ግን ጥያቄውን ሳይጠይቅ መልሱን ይወርሳል። መልስን መውረስ ደግሞ ከፎገራ ሜዳ ልማድ በምን ይለያል ቢባል አግባብ ያለው ትችት ነው። ማኅበረሰቡ ለዚህ ያለው መሣሪያ በየ15 ቀኑ በየቤቱ የሚደረገው የቤተሰብ ውይይት ነው። በዚያ ልጅ አባቱን ይወቅሳል፣ አባትም ሳይቈጣ ማዳመጥ አለበት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሽመና ሌላ ሙያ ይዞ የተመለሰ ወጣት፣ ሠርጌ በድግስ ይሁንልኝ ወይም ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ቢል፣ ነገሩ የሚነሣው በዚያ ውይይት ላይ ይሆናል፤ ለመመለስ የሚቸገሩትም በወጣትነታቸው ቦንጋ ድረስ የተሰደዱት ሽማግሌዎች ናቸው።